አንድ እስክሪብቶ፣ አሥራ አራት ፊርማ

በሮክ ሙዚቀኞች ስለ ተፈረሙ ሸክላዎች፣ ፖስተሮችና ፎቶግራፎች ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ባለፈው እትም ጠይቄ ነበር። ደብዳቤዎቻችሁ ከሜሪላንድ እስከ ደሴ ድረስ መጡልኝ። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልቻልሁ ስድስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ለንደን ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ የአሮጌ መጻሕፍት ጥገናና ጥረዛ ነበር። ቀኖቹን ካልገለጽሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስድስት ዓመት ያስታመምኋቸው አንዲት አሮጊት ከማረፋቸው በፊት አራቱም ቢትልሶች የፈረሙበትን ፎቶግራፍ ሰጡኝ። በ1964 ልጃገረድ ሳሉ ለቡድኑ ደብዳቤ ጽፈው በፖስታ የመጣላቸው ነው፤ ፖስታውም ከነቴምብሩ አለ። ዘመዶቼ «ሽጠሽ ልጅሽን ኮሌጅ አስገቢበት» ይሉኛል። ምን ላድርግ? — ሂ.

መልስ፦ እኅቴ፣ የሚከብደውን አስቀድሜ ልናገር። በ1964 በፖስታ የመጣ የቢትልስ ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ የቢትልሶቹ እጅ አይደለም። አራቱ ልጆች ፌብሩዋሪ 7 ቀን ኒውዮርክ ገቡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። ከዚያ ወዲያ የጎረፈውን ደብዳቤ አራት ሰዎች ቁጭ ብለው ሊመልሱት አይችሉም ነበር። ብዙውን ይፈርሙ የነበሩት በጉዞ ላይ የሚረዷቸው ኒል አስፒናልና ማል ኤቫንስ ናቸው፤ አራቱንም ስም አንድ ሰው ይጽፈዋል። ቢትልሶቹ ራሳቸውም አንዱ ለሌላው የሚፈርሙበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ሌላ ፊርማው ከፎቶግራፉ ጋር በማተሚያ ቤት አብሮ የታተመባቸውም ብዙ ናቸው።

በጠራ ቀን መስኮት አጠገብ ተቀመጪና ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ፎቶግራፉን አጋድመሽ ያዢው። እስክሪብቶ ወረቀትን ይጎደጉዳል፤ መስመሩ ቀጭን ጥላ ይጥላል። የታተመ ፊርማ ግን ልሙጥ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩትም አብዛኛውን ጊዜ እንደቀረው የፎቶግራፉ ክፍል በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። የታተመ ከሆነ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ የአንድ እጅ ነው ወይስ የአራት የሚለው ይከተላል። አራት ሰው ሲፈርም አንዱ ብዕሩን ይጫናል፣ አንዱ ያንሸራትታል፣ አንዱ ፊደሎቹን ያጋድማል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቢትልስን ፊርማ ብቻ ያጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ የአስፒናልን እጅ ከኤቫንስ እጅ ይለያሉ። ለማንም ሰው ዋጋ ከመንገርሽ በፊት ለእንደዚህ ዐይነቱ ባለሙያ የጠራ ፎቶ ላኪ።

ዘመዶችሽ የሰሙት እንደ 2013ቱ ጨረታ ያለውን ሳይሆን አይቀርም። ያን ዓመት አራቱም በእጃቸው የፈረሙበት የ«ሳርጀንት ፔፐር» ሸክላ ሽፋን አሜሪካ ውስጥ 290,500 ዶላር አውጥቷል። የረዳት ፊርማ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ የልጅሽን ትምህርት በዚህ ፎቶግራፍ ላይ አትመሥርቺው። ነገር ግን አሮጊቷ አልዋሹሽም። ደብዳቤውን ጽፈዋል፣ መልሱ መጥቶላቸዋል፣ ስልሳ ዓመት አስቀምጠውታል፤ በመጨረሻም ላንቺ ሰጡሽ። ፖስታውን ከፎቶግራፉ አትለዪው፤ ቴምብሩንም አትንቀዪው። የሰጡሽን ቀንና የነገሩሽን ቃል ሳትረሺ ዛሬውኑ ጻፊና አብረሽ አኑሪው።

ጥያቄ፦ ጊታር ተጫዋች ነኝ። በኢንተርኔት ጂሚ ሄንድሪክስ የፈረመበት ሸክላ በ350 ዶላር አገኘሁ። ሻጩ የምስክር ወረቀት አለው። ሽፋኑ እጅግ ንጹሕ ነው፤ ከጀርባው ያለው ባርኮድ እንኳን አልተፋቀም። አሜሪካ ያለ አጎቴ እንዲከፍልልኝ ልለምነው? — ና.፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አትለምነው፣ ልጄ። ሄንድሪክስ በ27 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ያረፈው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ነው። ባርኮድ በሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በጁን 1974 ሲሆን፣ እሱም ኦሃዮ ውስጥ በአንድ የማስቲካ እሽግ ላይ ነበር። በሸክላ ሽፋን ላይ መታተም የጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሽፋን ሲታተም ሄንድሪክስ መቃብር ውስጥ ነበር።

ሁልጊዜ ከፊርማው በፊት ዕቃውን መርምር፤ ሽፋኑ መቼ ታተመ፣ ቀለሙ መቼ ገበያ ላይ ዋለ፣ ፈራሚው መቼ ሞተ? ብዙ ሰው የሚፈርምበት ሻርፒ የሚባለው ጥቁር ማርከር የወጣው በ1964 ነው። ስለዚህ በ1959 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ባዲ ሆሊ በሻርፒ የፈረመው ነገር ሊኖር አይችልም፤ ሲሸጥ ግን ይታያል። ዋጋውንም ተመልከት። ሄንድሪክስ በዓለም የታወቀው ለአራት ዓመት ብቻ ነው፤ እውነተኛ ፊርማው በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚሸጠው። የ350 ዶላሩ ቅናሽ ሊያስደስትህ አይገባም፣ ሊያስጠነቅቅህ ይገባል እንጂ።

ስለ ምስክር ወረቀቱ የምነግርህ ከራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ጋር ከኮረም የላከው የረሃብ ዘገባ ለንደን ላይ ሲተላለፍ እኔ ሰሐን የማጥብበት ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበርሁ። በቴሌቪዥኑ ላይ ያየሁት ጋቢ የአገሬ ጋቢ ነበር። በዓመቱ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ማለትም ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች እርዳታ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለንደን፣ ዌምብሊ ስታዲየም ላይ ሲካሄድ መግቢያው 25 ፓውንድ ነበር፤ አምስቱ የትኬት፣ ሃያው የእርዳታ። አልነበረኝም። ያንኑ ቴሌቪዥን እያየሁ ሰሐኔን አጠብሁ። የኩዊን ቡድን ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ ሰባ ሁለት ሺህ ሰው እጁን እንዲያጨበጭብ ሲያደርግ አለቃዬ ቧንቧውን ዘግቶ «ዛሬ ተወው፣ ተቀመጥ» አለኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ ኮንሰርት ጋር የተያያዘ ነገር ብቻ የምሰበስበው ለዚህ ነው። ለእኛ ሰዎች ብለው የዘፈኑበት ቀን ነው።

እንግዲህ በ1993፣ መርኩሪ ካረፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ነጋዴ የላይቭ ኤይድን የፕሮግራም መጽሔት አሥራ አራት ፊርማ ያለበት ብሎ በ400 ፓውንድ ሸጠልኝ። ከሁለት ሳምንት ደመወዜ በላይ ነበር። መርኩሪ አለ፣ ዴቪድ ቦዊ አለ፣ ቦኖ አለ፣ ማዶና አለች። በወርቅማ ማኅተም የታተመው ምስክር ወረቀት «ሁሉም በዕለቱ ዌምብሊ ከመድረክ ጀርባ የፈረሙት» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳየሁ። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ አየርላንዳዊት ጠራዥ ቡና ልትጠጣ መጥታ ትንሽ አየችውና «ማዶና ዌምብሊ መጥታ ነበር?» አለችኝ።

አልመጣችም። ማዶና የዘፈነችው በዚያው ቀን አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። በሁለቱም ከተማ መድረክ ላይ የወጣው በኮንኮርድ አውሮፕላን ውቅያኖስ ያቋረጠው ፊል ኮሊንስ ብቻ ነው። ይህን በቴሌቪዥን በዐይኔ አይቼው ነበር! በማግስቱ መጽሔቱን ወደ ሥራ ቦታዬ ወስጄ መብራት ሥር አስቀመጥሁት። አሥራ አራቱም ፊርማ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዐይነት ጫና የተጻፈ ነው። አንዱ በሌላው ላይ አልወጣም፤ እንደ ሠርግ ጠረጴዛ ለእያንዳንዱ ቦታ ተመድቦለታል። ከመድረክ ጀርባ በሩጫ የተሰበሰበ ፊርማ እንዲህ አይሆንም። ብዕሩ ይለዋወጣል፣ አንዱ ከአንዱ ይደራረባል፣ አንዱ ገጹን ገልብጦ ይፈርማል።

ገንዘቡ ቆጭቶኛል፤ ይበልጥ ያመመኝ ግን ያን ቀን ራሱን ለገበያ መፈብረካቸው ነው። መጽሔቱን አልጣልሁትም፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «ፊርማዎቹ ሐሰተኛ ናቸው» ብዬ ጽፌበታለሁ። እኔ ሳልፍ ልጆቼ በስህተት ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት ነው።

የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ «ቡልፐን» በሚል ስም ባካሄደው ምርመራ ሐሰተኛ ፊርማ የሚፈርሙ፣ ምስክር ወረቀት የሚያዘጋጁና የሚያከፋፍሉ ሰዎችን በአንድ መረብ ውስጥ ይዟል። ከተያዙት ዕቃዎች አንዱ ማዘር ቴሬዛ ፈርመውበታል የተባለ የቤዝቦል ኳስ ነበር። ወርቅማ ማኅተም በማንኛውም ማተሚያ ቤት ይሠራል። እንደ ፒ.ኤስ.ኤ.፣ ጄ.ኤስ.ኤ. እና ቤኬት ያሉት ድርጅቶች የሚሰጡት ቁጥር ያለው ማረጋገጫ በመዝገባቸው ውስጥ ስለሚገኝ ይሻላል፤ ቁጥሩን ራስህ ድርጅቱ መዝገብ ላይ ፈልገው፤ ሻጩ በሚልክልህ ምስል አትመን። እነርሱም ቢሆኑ የሚሰጡት አስተያየት ነው። የ350 ዶላሩን ነገር ተወውና ብታገኝ ለጊታርህ አዲስ ክር ግዛበት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በፈራሚ ማሽን የተፈረመ መጽሐፍ ተሸጠ የሚል ወሬ ሰምታ የእኔን ስብስብ ሁሉ ተጠራጠረች። እንዲህ ያለ ማሽን በእውነት አለ? — ዳ.፣ ፍራንክፈርት

መልስ፦ አለ፤ አውቶፔን ይባላል። እውነተኛ ብዕር ይይዛል፣ የሰውየውን ፊርማ ቅርጽ ተከትሎ ይጽፋል። ስለዚህ ቀደም ሲል ለሲልቨር ስፕሪንጓ እኅታችን የነገርኋት የጎን ብርሃን ብቻውን አይረዳም፤ ቀለሙም ጎድጓዳውም እውነት ነው። ማሽኑን የሚያጋልጠው ከራሱ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ ቢጽፍ ሁለቱ አይገጥሙም። ሁለት ፊርማዎችን በመስኮት ብርሃን ላይ ብታነባብራቸውና ከፊደል እስከ ጭረት ልክክ ቢሉ፣ የማሽን ሥራ ናቸው። ብዙ ጊዜም መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ይኖረዋል፤ ብዕሩ ቆሞ በተነሣበትና ባረፈበት ቦታ ነጥብ ይቀራል።

ባለቤትህ የሰማችው የ2022ቱን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን መጽሐፍ ጉዳይ ነው። አሳታሚው «በእጅ የተፈረሙ» ብሎ 900 ቅጂዎችን እያንዳንዱን በ599 ዶላር ሸጠ። ገዢዎች መጻሕፍቱ ሲደርሷቸው ፎቶግራፎቹን ጎን ለጎን አስተያዩና ፊርማዎቹ አንድ መሆናቸውን አዩ። አሳታሚው ገንዘቡን መለሰ። ዲላንም ከ2019 ጀምሮ የማዞር ሕመም እንዳስቸገረው፣ በወረርሽኙም ጊዜ አጠገቡ ሆኖ የሚያስፈርመው ሰው ስላልነበረ በማሽን መጠቀሙን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን እኔ ተቀብየዋለሁ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው የታመመ ሰው ነው። «በእጅ የተፈረመ» የሚለውን ወረቀት ከመጽሐፉ ጋር መላክ ግን በማንም ዘንድ ትክክል ሊሆን አይችልም። የአንተን ስብስብ በተመለከተ፣ ፊት ለፊትህ የተፈረሙልህን ለብቻ አስቀምጥ፤ በእነርሱ ላይ ጥርጣሬ አይግባችሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ለሚካሄድ ኮንሰርት ትኬት ገዝቻለሁ። በየትኛው ብዕር ላስፈርም? ስሜንስ ላስጽፍ? — ራ.

መልስ፦ ለሚያንጸባርቅ የሸክላ ሽፋን ማርከር፣ ለተራ ወረቀት እስክሪብቶ ይሻላል። ማርከሩን ከቤትሽ ሞክረሽው ሂጂ፤ አርቲስቱ ፊት ቆሞ የደረቀ ብዕር ማራገፍ ያሳዝናል። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ሦስት ሸክላ የደረደረ ሰው ነጋዴ ይመስላል። ከቢትልሶቹ አንዱ ሪንጎ ስታር ከኦክቶበር 20 ቀን 2008 በኋላ ምንም እንደማይፈርም ሲያሳውቅ ብዙዎች ተቀየሙት፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ስምሽን አስጽፊ። ለመሸጥ ያሰበ ሰው «ስም ያለበት ዋጋው ይቀንሳል» ይልሻል፤ አንቺ ግን ልትሸጪው ነው የምትሄጂው?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ አዘጋጅ። በ1990ዎቹ ያስፈረምሁት የኮንሰርት ፖስተር ሳሎኔ ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሏል። ፊርማው እየደበዘዘ ሄዶ አሁን ለማየት ያስቸግራል። ልጄ «በላዩ ላይ በተመሳሳይ ማርከር እናድምቀው» ይለኛል። ላሚኔትስ ባስደርገው? — ገ.፣ ነታንያ

መልስ፦ ጌታዬ፣ እባክዎ ማርከሩን ከልጅዎ እጅ ይቀበሉት። በላዩ ላይ ከተጻፈበት በኋላ የሚቀረው የልጅዎ ፊርማ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። የደበዘዘ ፊርማ ግን ደብዝዞም ቢሆን የራሱ የሰውየው ነው፤ በባለሙያ ካሜራና በልዩ ብርሃን ሲነሣም ብዙ ጊዜ ዐይን ያላየው ይታያል።

ፖስተሩን ዛሬ ያውርዱት። በብዙ ማርከሮች ውስጥ ያለው ማቅለሚያ በብርሃን ይበላል፤ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን የመብራት ብርሃንም ቀስ እያለ ያደርገዋል። የተበላው አይመለስም፤ ማቆም ግን ይቻላል። ጥሩ የቀለም ቅጂ አስነሥተው ያንን ሳሎን ይስቀሉ፤ ዋናውን አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል አድርገው በጨለማና በደረቅ ቦታ ያስተኙት። እርጥበት ያለበት ምድር ቤት አይሆንም፣ የሚግለው ጣሪያ ሥርም አይሆንም። ፕላስቲክ ካስፈለገ ፖሊስተር ይሁን፤ ርካሹ የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ሲቆይ ይለጥፋል፣ ቀለምም ይነቅላል። ላሚኔት በሙቀት የሚጣበቅ ስለሆነ ጨርሶ አይሞክሩት። በሥራ ዘመኔ ስንት ሰነድ «እንዲጠበቅ» ተብሎ በላሚኔትና በተለጣፊ ፕላስተር የተገደለ አይቻለሁ! ፕላስተሩ ይረግፋል፤ ቡናማው እድፍ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ዋናውን መስቀል የግድ ከሆነብዎ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያጣራ መስታወት ያሠሩ፤ በመስታወቱና በወረቀቱ መካከልም ዙሪያውን ካርቶን ይግባበት፣ እንዳይነካካ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ማግሥት ሳይንት አጅባር በነበረው መጠለያ ልጆች ያስተምር ነበር። ደብተሩ አለን። አብዛኛው የልጆች ስም ዝርዝርና የዱቄት እደላ ቁጥር ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ግን በእንግሊዝኛ «ፖል እና አሊ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ መዝሙር የሚያስተምሩ የውጭ አገር ባልና ሚስት እንደነበሩ ታስታውሳለች። አንድ ዘመዳችን «ዝነኛው ቦኖ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ቦኖ ቢሆን ቦኖ ብሎ ይፈርም ነበር» ይላል። ገጹን ቆርጬ ልላክልዎ? — ም.

መልስ፦ ልጄ፣ እባክሽ አትቁረጪው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

የሚታወቀውን ልንገርሽ። የዩ ቱ ቡድን ዘፋኝ ቦኖ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ፖል ሂውሰን ነው፤ ባለቤቱ አሊሰን፣ በአጭሩ አሊ ትባላለች። ከላይቭ ኤይድ በኋላ በዚያው በ1985 ሁለቱ ኢትዮጵያ መጥተው አጅባር በነበረው መጠለያ አንድ ወር ያህል ሠርተዋል። ስለዚህ የሁለተኛው ዘመዳችሁ ክርክር አይጸናም፤ ጠዋት ከልጆች ጋር የሚውል ሰው የመድረክ ስሙን ላይጠቀም ይችላል። ይህ ግን ገጹን የእነርሱ አያደርገውም። ፖል የሚባል ፈረንጅ ብዙ ነው፤ በሁለት አጭር ስም ላይ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ማነጻጸር በጣም ከባድ ነው።

የሚረዳን ደብተሩ ነው፤ ለዚህ ነው አትቁረጪ የምልሽ። ከዚያ ገጽ በፊትና በኋላ አባትሽ የጻፉት ቀን አለ? የዱቄቱ እደላ ቀን ተመዝግቧል? ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከ1978 መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ጋር ቢገጥም ትልቅ ነገር ነው። እናትሽን ደግሞ የማንንም ስም ሳትጠሪላቸው ጠይቂያቸው፤ ምን ዐይነት መዝሙር ነበር፣ ሰውየው ምን ይመስል ነበር፣ ሴትዮዋስ፣ ስንት ሰንበት ቆዩ? የዘመዶቻችሁን ወሬ ሳይሆን የራሳቸውን ትዝታ በቃላቸው እንዳለ ቅጂው። ከሽፋኑ ጀምሮ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ፣ ባዶውንም ጭምር።

በጓንት አትንኪው፤ ጓንት ወረቀት ይቀድዳል። እጅሽን ታጥበሽ በደንብ አድርቀሽ ግለጪው። ሊገዛ የሚመጣ ሰው ካለ ገጹን ብቻ ለይቶ እንዲወስድ አትፍቀጂለት፤ በላዩና በታቹ የተጻፉት ልጆች ስም እዚያው ደብተር ውስጥ ይቆይ። እኔም ያን ዓመት ከሳይንት ስላልተመለሱ የአክስቴ ልጆች ስጠይቅ ነው የኖርሁት፤ ስማቸው በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ። ለጥር ደሴ እገባለሁ። እናትሽ ከፈቀዱ እናንተ ቤት መጥቼ አብረን ከመጀመሪያው ገጽ እናነበዋለን።